ወንዝ አዞረ የተባለ ሰው

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰናይት፣

ያልሠራሁትን ሠራ ብለው በጋዜጣ ጻፉብኝ። «የውሃ አባት የሆነው ጀምበሬ ወልደ ሰማያት የሮቢ ወንዝን በዶማ ቆርጦ በገበሬዎች ማኅበር የወል ማሳ ላይ ለቀቀ፤ ይህም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» ይላል። ስሜ ከነአባቴ ስም ታትሟል። ውሸት ነው። ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያደረግሁት ይህን አስቀድመሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ከርመሻል? የአገሩ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ እጅጋየሁም ደህና ናት። ጀውሃ ያለው ምግብ ቤቷ ሾፌር አጥቶ አያውቅም። አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የጀመርሽውን ያስጨርስሽ።

ዝምድናችን ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። የኔ አያትና የእናትሽ አያት እህትማማቾች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ለመቁጠር ጣት ያስፈልጋል። ሰው አስቸግሬ አላውቅም። ነገር ግን ከዘመዶቻችን መካከል ሕግ የሚማር አንቺ ብቻ ነሽ።

ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳልሆነ እናትሽ ነግራሽ ይሆናል። ወደ ደሴ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጎናቸው ላይ ጽሑፍ ነበራቸው። መኪናው ሲቆም ሾፌሩን «ይህ ምን ይላል?» እያልኩ ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ኖርኩ። ጨው የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ዘርግቼ ሳላነብ አልጥልም ነበር። አሁን የታተመው ውሸት የኔ ስም ሆነ።

በዚያ ጽሑፍ ሰበብ አሥራ አንድ ቀን በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አስቀምጠው ለቀቁኝ። ከውሃ አባትነትም አነሱኝ። ለእሱ አልከስም። ካሳም አልፈልግም። የምፈልገው በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «የጻፍነው ሐሰት ነው» ብለው እንዲያትሙ ነው። ሕጉ ይህን ያስደርግ እንደሆነ ንገሪኝ።

ጀምበሬ ወልደ ሰማያት


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጀምበሬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ቆላ ያደገ ሰው እዚህ ሲሄድ ልጆች ቆመው ይስቃሉ። ለእርስዎም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ደጅዎን አይዝጋው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆኗል። የዘገየሁበትን ምክንያት አልጽፈውም፤ ይቅር ይበሉኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ የሰውን ስም ያጠፋ እንደሚጠየቅ ይናገራል። ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለዎት። አስቀድሞ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለአዘጋጁ መላክ ይሻላል። አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ አሰግድ የሚባል ጠበቃ አለ፤ እሱ በእጁ ያደርስልናል።

ጋሼ፣ ጋዜጣው የመንግሥት መሆኑን አልረሱትም። እኔንም እዚህ የላከኝ መንግሥት ነው። ይህን የምለው ይተዉት ለማለት አይደለም። ካሰቡበት በኋላ ከጸኑ ግን ሁለት ነገር ይላኩልኝ፤ ጽሑፉ የወጣበትን ጋዜጣ፣ እና በዚያ ቀን የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።

እናቴ በደብዳቤዋ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትለኝ። እውነት ደህና ናት?

አክባሪዎ ሰናይት


ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰናይት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አምላክ ከበረዶውም ከሰውም ይሰውርሽ። ያልጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። የሚያስፈራሽ ከሆነ አሁኑኑ ተይው፤ አልቀየምሽም። ካልተውሽው ደግሞ ስለ ፍርሃት ዳግም አትጻፊልኝ።

እናትሽ ወገቧን ያማታል። እንዳትነግራት ብላኛለች፤ እኔ ግን አልዋሽም።

ጋዜጣውን አልልክልሽም። አቃጥዬዋለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከዳዊቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም።

በዚያ ቀን የሆነው ይህ ነው።

ነሐሴ 9 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቦዩ አፍ ቆሜ ነበር። የቦዩ አፍ ማለት ከወንዙ ውሃ የምንጠልፍበት ቦታ ነው። የውሃ አባት ሥራው እዚያ ቆሞ ለማን ስንት ሰዓት እንደሚደርሰው መለየት ነው። በእኛ ላይ ደመና አልነበረም፤ ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል። ደጋው ግን በጣርማ በር በኩል ጠቁሯል።

መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው። ማሽላው ላይ ሲንጫጫ የነበረ ወፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ሽታ መጣ። የእኛ አፈር ሽታ አይደለም፤ የቀዝቃዛ አገር፣ የጓሳ ሣር ሽታ ነው። ከዚያ ድምፅ መጣ። በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በእግሬ ነው የመጣልኝ፤ ከመሬቱ።

ውሃው ተኝቶ አልመጣም። ቆሞ መጣ። ከላዩ አንድ ትልቅ ሾላ ከነሥሩ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ልክ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በወንዙ መካከል አባቴ «ጫፉ ረጥቦ አይቼ አላውቅም» የሚለው ቤት የሚያህል ቋጥኝ ነበር። እንደ ሎሚ ተንከባለለ። ሰናይት፣ ያን ቋጥኝ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲሄድ አየሁት።

ከዚያ ወንዙ ቆመ። እንዴት ልንገርሽ? ያ ሁሉ ውሃ እስኪጠራቀም መንገድ እንደጠፋው ሰው ቆሞ ያሰበ መሰለኝ። ከቦዩ አፍ አርባ ክንድ ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ የማንም እጅ ባልነካው ቦታ፣ ዳሩን ደርምሶ ወደ ግራ ዞረ። ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ይሄድበት ከነበረው መንገድ ወጥቶ የራሱን አዲስ መንገድ ያዘ። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ልብሱን ለብሶ እስኪጨርስ ያለ ጊዜ ነው። የወል ማሳውም፣ የጎረቤቴ የሳልህ ሁለት ጥማድ ሽንኩርትም ያን ጊዜ ሄዱ።

ዶማው በእጄ ነበር። መያዜን ያወቅሁት በኋላ ነው። ተንበርክኬ ተገኘሁ። ለጸሎት አልነበረም። ጸሎቱ ኋላ መጣ።

አሁን በደሌ ገባሽ? ያን የሠራውን አይቼዋለሁ። እኔ በዶማ ሠራሁት ብሎ የጻፈው ሰው ወንዝ አይቶ አያውቅም። ውሸቱም በእኔ ላይ ብቻ አልተዋሸም።

ጀምበሬ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጀምበሬ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ያብዛልዎ፤ የዚህ ዓመት ፋሲካም በሰላም ያድርስዎ። ስለ እናቴ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። የወገብ መድኃኒት ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ።

ስለ ወንዙ የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አብራኝ ለምትኖረው ጀርመናዊት በቃሌ ተረጎምኩላት። «ሽማግሌው ይህን በዓይናቸው አይተዋል?» አለችኝ። «ከቋጥኙ አጠገብ ነበሩ» ስላት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ጽፌ ለአሰግድ ልኬዋለሁ። ለአዘጋጁ በእጁ ሰጥቶ በቅጂው ላይ አስፈርሟል። የተማሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ደብዳቤ ለምን እንደበዛብኝ ጠየቀኝ። ዘመዴ ናቸው አልኩት። ሌላ አልጠየቀም፤ ግን ጻፈው።

እርስዎ ጋዜጣውን ስላቃጠሉት እኔ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ የመጻሕፍት ቤት አለ። ከዓለም ሁሉ የመጣ ጋዜጣ በየዓመቱ ተጠርዞ ይቀመጥበታል። የሁለት መቶ ዓመት ወረቀት ቆሜ አየሁ፤ ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። የእኛን አገር ጋዜጣ ጠየቅኋቸው፤ አመጡልኝ። ጋሼ፣ ስምዎ እዚያ አለ። በቀይ ጨርቅ ተጠርዟል። እኔም እርስዎም ከሞትን በኋላ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ማስተባበያው አጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ አሁን እኔም ጸንቻለሁ።

ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «ግለሰቡ በሁለት መቶ ገበሬዎች ፊት ተነሥቶ ‹እኔ አጥፍቼዋለሁ› በማለት ጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል።»

ጋሼ፣ ይህን ብለዋል?

ሰናይት


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰናይት፣

ብያለሁ።

መድኃኒቱ ለእናትሽ ደርሷል። አምላክ ይባርክሽ።

ጀምበሬ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰናይት፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ደግሜ የምጽፍልሽ ያለፈው ደብዳቤዬ ስላስነወረኝ ነው። አንቺ ለኔ ስትይ ስምሽን ለሚጽፍ ሰው ተጋልጠሽ፣ እኔ አንድ ቃል ወርውሬልሽ ዝም ማለት አልነበረብኝም። የደበቅሁሽ አፍሬበት አይደለም። ሕግ የተማረ ሰው አይገባውም ብዬ ነው።

በእኛ ቦይ ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠጣል። አርጎባውም ኦሮሞውም አለበት። ውሃ ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚነሣው ዱላ ነው። «ያንተ በኩል ተለቀቀ»፣ «የለም፣ ያንተ ተራ ነበር» ይባባላሉ፤ ነገሩ ሳይጣራ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች አንድ ሥርዓት አኖሩ። የውሃ አባት ሲመረጥ በታቦትና በቁርአን ፊት አንድ ቃል ይገባል። ውሃ ባጠፋ ጊዜ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ ከምንሰበሰብበት ዋርካ ሥር ተነሥቶ እንዲህ ይላል፦ «ውሃው ያጠፋውን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ዱላችሁን ጣሉ።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዱላውን መሬት ላይ ይጥላል። የሚጠላው አንድ ሰው አግኝቷልና ጎረቤቱን አይመታም። ከዚያ ሽማግሌዎች ተነሥተው ወንዙን ያያሉ። የማን ጥፋት እንደሆነ ለይተው ይመለሳሉ። የውሃ አባቱ ከሌለበት ነጻ ይሆናል። ይህን ቃል በሕይወቴ ሰባት ጊዜ ብያለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ዱላ ወድቋል።

ሰባተኛው በነሐሴ ነበር። ጋዜጠኛው የጎርፉን ጉዳት ሊጽፍ በላንድሮቨር መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ቃሉን ጻፈ። ሳልህ ሽንኩርቱ የሄደበት ቁስሉ ገና ትኩስ ነበረና «በዶማ ቆርጦ ለቀቀብን!» ብሎ ጮኸ። እሱንም ጻፈ። ሽማግሌዎቹ ወንዙን ሊያዩ ሲነሡ እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። «ጓድ፣ ይቆዩ እንጂ፣ ገና ነው» አለው ታከለ የሚባል ገበሬ። «ይበቃኛል፤ መንገድ ይመሽብኛል» አለው።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» ሲሉ ለመስማት የቀረነው እኛው ነበርን።

ሳልህ ከዚያ ወዲህ አይቶኝ ፊቱን ያዞራል። እኔም አላናገርኩትም።

ይኸው ነው። አሁን ከፈለግሽ ተይው።

ጀምበሬ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጀምበሬ፣

እግዚአብሔር ክረምቱን የምሕረት ያድርግልዎ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። አልተውኩትም። እዚህ የማነበው የሕግ መጽሐፍ ሁሉ ሰዎች ከተደባደቡ በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው የሚናገረው። እናንተ ከመደባደቡ በፊት የሚባል ቃል አላችሁ። አሥር ጊዜ ስለዚህ አሰብኩ፤ አሥሩንም ጊዜ ትምህርቴ አነሰብኝ።

ትልቅ ዜና አለኝ። አዘጋጁ ለአሰግድ መልስ ሰጥቷል። ማስተባበያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ሊያወጣ ተስማምቷል። አሰግድ ራሱ ማመን አቅቶታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ጋዜጠኛው የሰማውን ነው የጻፈው ይላሉ። ስለዚህ እርስዎ ከዚህ ጋር የላክሁትን ወረቀት መፈረም አለብዎት። «በስብሰባው ላይ እኔ አጥፍቼዋለሁ ያልኩት ሐሰት ነበር፤ እንዲህ ያለው ቃል ትርጉም የሌለው የጥንት ልማድ ስለሆነ ወደፊት ማንም እንዳይቀበለው» ይላል። ከማስተባበያው ጋር ይታተማል።

እኔ ይፈርሙ አልልዎትም፤ አይፈርሙም አልልዎትም። መልሱን እስከ መስከረም ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይዘጋል፤ አሰግድም ሊከስ አይደፍርም፤ እኔም አልፈርድበትም።

በመጻሕፍት ቤቱ ያለው ቀይ ጥራዝ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

አክባሪዎ ሰናይት


ሸዋ ሮቢት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት፣

አምላክ ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም ያሻግርሽ። እናትሽ ተሽሏት ቆማ ትሠራለች፤ ሾፌሮቹን ትሳደባለች፤ ድናለች ማለት ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አራት ቀን አስቀመጥኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ እነግርሻለሁ። በአራተኛው ቀን ብዕሬን አንሥቼ ተቀመጥኩ። ያ ጥራዝ፣ ያ ከፍ ያለ ጣሪያ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ ልጅ የለኝም፤ የሚቀረኝ ስሜ ነው። «ጀምበሬ» ብዬ ጻፍኩ። የአባቴን ስም ልጨምር ስል ከውጭ «ውሃ! ውሃ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ወንዙ በአዲሱ መንገዱ ሞልቶ መጥቶ ነበር። እንደ ዓምናው አይደለም፤ ግን የታከለን ፓፓያና የብዙ ሰው ማሽላ ወሰደ። ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ ዋርካው ሮጠ። እኔም ሄድኩ፤ ከኋላ ቆምኩ። የውሃ አባት አይደለሁም፤ በእኔ ቦታ ማኅበሩ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቁሟል። ቃሉ በእኔ አፍ አያምርም።

«ተረኛው ማን ነበር?» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር ደብተሩን ከፍቶ።

የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «በኔ ሰዓት አልነበረም» አለ። ሌላው «በኔም» አለ።

ታከለ ዱላውን እያወዛወዘ «አምስት ራስ አድርጋችሁልን አንድ አንገት አሳጣችሁን!» ብሎ ጮኸ። የሳቀ አልነበረም። ሰዉ በሁለት ወገን መከፈል ጀመረ። ማን ወዴት እንደሚቆም አየሁ፤ እስላሙ በአንድ በኩል፣ ክርስቲያኑ በአንድ በኩል። በዕድሜዬ እንዲህ ሲከፈል አይቼ አላውቅም፤ ቃሉ ሁልጊዜ ይቀድም ነበርና። ወረቀቱ ላይ ያለው ግማሽ ስሜ ትዝ አለኝ። የምፈርመው ነገር ምን እንደሚመስል ቆሜ አየሁት።

ያን ጊዜ ሳልህ ከኮሚቴው መካከል ወጣ። ያ ሽንኩርቱ የሄደበት፣ ያ በጋዜጠኛው ፊት የጮኸብኝ። ወደ ዋርካው ሥር ሄዶ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ።

«ወላሂ» አለ፣ «ውሃው ያጠፋውን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ዱላችሁን ጣሉ።»

ሰናይት፣ ዓምና ውሃው ከመምጣቱ በፊት የሰማሁትን ዝምታ ዳግመኛ ሰማሁት።

ሊቀመንበሩ «ጓድ ሳልህ፣ ይመዝገብ?» አለው።

«መዝግብ። ግን ሽማግሌዎቹ ወንዙን አይተው እስኪመለሱ ደብተርህን እንዳትዘጋ።»

መጀመሪያ የታከለ ዱላ ወደቀ። ከዚያ አንድ ሌላ። ከዚያ የሁሉም። የሁለት መቶ ሰው ዱላ ደረቅ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተሽ አታውቂም። እኔ ከፊት ሆኜ ሰባት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከኋላ ሆኜ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በእግሬ ነው የመጣልኝ፤ ከመሬቱ። ቆሜ ከነበርኩበት መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «የሰው ሥራ አይደለም» አሉ። ሊቀመንበሩ እሱንም መዘገበ።

ሰው ሲበተን ሳልህ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ ጀምበሬ፣ ዓምና የተናገረው ሽንኩርቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ሽንኩርትህ አፉ ትልቅ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እጄን ይዞ አስነሣኝ፤ እስከ ቤቴ አብሮኝ ሄደ።

የላክሽውን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። አዘጋጁ ማስተባበያውን ለራሱ ያስቀምጠው። በዚያ ከፍ ባለ ጣሪያ ሥር ውሸቱ በቀይ ጨርቅ እንደተጠረዘ ይኑር፤ እዚህ ደግሞ ቃሉ ይኑር። ስሜንና ቃሉን ሁለቱንም ማቆየት ባልችል የትኛውን እንደምተው አውቄአለሁ። ለአሰግድ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። አንቺ ለኔ የደከምሽውን አምላክ ይክፈልሽ፤ እኔ መክፈያ የለኝም።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ይህ የመጨረሻዬ ነው። ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም። እናትሽ ብትጠይቀኝ አልመልስላትም። ጋዜጠኛው ራሱ በላንድሮቨሩ መጥቶ ደጄ ላይ ቢቆም ውሃ አጠጥቼ እሸኘዋለሁ። ከእንግዲህ ከአፌም ከብዕሬም አንድ ቃል አይወጣም።

ጀምበሬ ወልደ ሰማያት